የማይጠረገው ወለል

ቪቢዮስ ካሌኖ የሰው ሞት ሲነገረው የዓሣ ስንጥብ ገልጦ እያሸተተ ነበር።

የፑቴዮሊ ገበያ ሹም ነው። ሥራው ሚዛን መመርመር፣ ውሃ የበዛበትን ወይን መሬት ላይ ማስደፋት፣ የከረመ ዓሣ ስንጥቡን በአሳማ ደም ቀብቶ «ዛሬ ንጋት ላይ ነው የወጣ» የሚለውን ነጋዴ ዓይን ዓይኑን ማየት ነው። በዚህ ሥራ ከመቆየቱ ብዛት ሰው «ና ጉድ እይ» ሲለው ከማየቱ ማሽተቱ ይቀድማል። ሆዱ ፊት ፊቱን የሚሄድ፣ ሰነፍ ነው የሚባል ሰው ነው። ሚስቱ ግን «የሚባል» የምትለዋን ቃል አትጨምርም።

«ጌታዬ፣ የኮሲኒዮስ ቤት መጋቢ ነኝ» አለችው ከኋላው የመጣች ሴት። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ከገደሉ መንገድ ሮጣ በመምጣቷ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ኤውቲኪስ እባላለሁ።»

«የጉዱ ቤት?»

«የጉዱ ቤት። ጌታችን ትናንት ማታ ገበታ ላይ እንዳለ ሞተ። አብረውት የበሉት ደህና ናቸው።»

«ታዲያ የት ሄዱ?»

«የትም። ቆልፌባቸዋለሁ።»

ቪቢዮስ ዓሣውን አስቀመጠ። ነፃ ሰው በባሪያ ላይ ሲቆልፍ ዘወትር ያያል። ባሪያ በነፃ ሰው ላይ ሲቆልፍ ግን ሰምቶም አያውቅ።

«ያዘዘሽ አለ ወይስ ከራስሽ ነው?»

«ከራሴ። መወርወሪያው ከውጭ ነው፤ እኔው ነኝ የጣልኩት።»

«ይኸው ብቻውን እንደሚያሰቅልሽ ታውቂያለሽ?»

«ከፍቼም ዘግቼም መሰቀሌ ካልቀረ ዘግቼ ልሰቀል ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

እውነቷን ነው። ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል፤ ጌታ በቤቱ ተገድሎ ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ፣ በዚያ ጣሪያ ሥር ያደረ ባሪያ ሁሉ፣ ያየም ያላየም፣ አብሳዩም፣ አጣቢዋም፣ ጡት የምታጠባዋም፣ ተገርፎ ይሰቀላል። ጌታችሁን ማዳን ነበረባችሁ ነው ነገሩ። እንግዶቹ ደግሞ አንዴ ወደየቤታቸው ከተበተኑ ጠያቂ የላቸውም፤ ቅርብ ያለ መልስ ካለ ሩቅ የሚሄድ ዳኛ የት ይገኛል።

«የጎረቤት ባለርስት ወደ ሚሴኖ የጦር ሰፈር መልእክተኛ ልኳል» አለች። «ወታደሮቹ በጀልባ ይመጣሉ። ገራፊውም አብሯቸው አለ።»

«ለምን እኔ ጋ መጣሽ? እኔ የዓሣ ዳኛ ነኝ።»

«የዓሣ ውሸት የሚያውቅ የሰው አይጠፋውም ብዬ ነው።»

«የዓሣ ይቀላል። ዓሣው ራሱ አይከራከርም» አለና እጁን ታጥቦ ተከተላት።

*

ኮሲኒዮስ ሀብታም ነበር፤ ሀብታም ሁሉ እንደሚያደርገው መርከብና ርስት መግዛት ሰልችቶት ተአምር ይገዛ ነበር። መግቢያው ላይ ዳቦ የሚያህል የግዙፍ ሰው ጥርስ ተሰቅሏል። አለፍ ብሎ በበጋ የሚያልበው የድንጋይ ምስል ቆሟል። የሁሉም አለቃ ግን በትልቅ የብርጭቆ ጋን ውስጥ፣ በማር ተዘፍቆ፣ ከወገቡ በላይ ሰው ከወገቡ በታች ዓሣ ሆኖ የተቀመጠው የባሕር ሰው ነው። ቪቢዮስ ፊቱን ወደ ጋኑ አስጠግቶ አየው። የባሕሩ ሰው ጥርሱን ገልጦ በማሩ ውስጥ መልሶ አየው። ቪቢዮስ በልማድ አሸተተ፤ የጋኑ አፍ በሰም ታሽጓል።

በግቢው ውስጥ የቤቱ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጠባቂ የላቸውም። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከበሩ ወዲያ መንገዱ አለ፣ ከመንገዱ ወዲያ ባሕሩ። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። የሮጠ ባሪያ ያመነ ባሪያ ነው፤ ስለዚህ ክፍት በር ፊት ለፊት ተቀምጠው ጀልባውን ይጠብቃሉ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ጭስ የለውም። ልጇን የምታጠባው ሴት ቪቢዮስን ቀና ብላ አየችውና መልሳ ወደ ልጇ ዞረች።

«ወይን ቀጂው የቱ ነው?»

ኤውቲኪስ በአገጯ አንድ ጎልማሳ አመለከተች። «ሂላሮ። ለሁሉም የቀዳው ከአንድ ማሰሮ ነው።»

«አልሸሸህም?» አለው ቪቢዮስ።

«ወዴት፣ ጌታዬ?» አለ ሂላሮ። ጥያቄው የምሩን ነበር።

የበጋው የገበታ ቤት ከኮረብታው ሥር ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ቀዝቃዛ ይሁን ተብሎ መስኮት የለውም። ኤውቲኪስ መወርወሪያውን አነሣች።

«ከገቡ በኋላ ልዝጋው?»

«ዝጊው» አለ። መወርወሪያው ከጀርባው ሲወድቅ ሲሰማ ግን ያለቅጥ ጀግና መሆኑ ቆጨው።

*

የገባው አትክልት ቦታ መሰለው። አራቱም ግድግዳዎች ላይ ሮማንና ሎሚ ፍሬያቸው እስኪጎነብስ ተሥለዋል፣ ወፎች ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከላይ ሰማዩ የቀትር ሰማይ ነው። በየግድግዳው መሐል ወደ ውስጠኛው አትክልት የሚያስገባ የሚመስል በር ተሥሏል፤ አንዱ እንኳን አይከፈትም። ይህ ሁሉ ሰማይ እያለ የሚተነፈስ አየር ግን የለም። የመብራት ጥቀርሻ፣ ያደረ ወይን፣ ላብ፣ ከሮማኑ ሥር ከተደበቀው ማድጋ የሚመጣ ሌላ ሽታ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገበታ አልጋው ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ የተጋደመው ባለቤቱ።

«ተመስገን፣ ሰው መጣ» አለች የሟቹ ሚስት ፖላ። ወንበር ላይ ተቀምጣ በባዶ ሳሕን ራሷን ታራግባለች። «ክፈትና አስወጣን።»

«ቁልፉ በእኔ እጅ አይደለም፣ እመቤቴ። እኔም ከእናንተ ጋር ተቆልፌአለሁ።»

«እንግዲያው ሰው አልመጣም» አለች።

ከማዶ አልጋ ላይ የተጋደመው አንድ ዓይኑን ከፈተ። ተአምር ሻጩ ፓምፊሎ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ የመጣ፣ ነፃ የወጣ ባሪያ፣ ጣቶቹ ሁሉ በቀለበት የታሰሩ። «የገበያ ሹም ነው የላኩልን? ሥጋው እንዳይበላሽ ፈርተው መሆን አለበት።»

ሦስተኛው አልተቀመጠም። ፈላስፋው ሜኔክራቴስ ሻካራ ካባውን ደርቦ፣ ባዶ እግሩን፣ ከአንዱ የተሣለ በር ፊት እንደ ምሰሶ ቆሟል። «ለጥበበኛ ሰው የተዘጋ ቤት የለም» አለ። «አካሉ ቢታሰር እንኳ ነፃ ነው።»

«ሌሊቱን ሙሉ በሩን ስትደበድብ ያደርከው ታዲያ ለእኛ አዝነህ ነው?» አለች ፖላ።

መብራቱ ተንጨረጨረ። ሜኔክራቴስ እጁን ሰደድ አድርጎ የሚነድደውን ክር በባዶ ጣቶቹ ቆንጥጦ አስተካከለው። ፊቱ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም።

ቪቢዮስ አፉን ከፈተ።

«ሌሊቱን ሁሉ እንዲህ ነው» አለች ፖላ።

«ሕመም ክፉ ነገር አይደለም» አለ ሜኔክራቴስ። «ክፉ የሚያደርገው የእኛ አስተያየት ነው።»

«ይህን ሰው ከአንድ መጋረጃ ጀርባ ባቆመውኮ» አለ ፓምፊሎ፣ «የባሕሩን ሰው ረስቼው ነበር።»

ቪቢዮስ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ያለውን የዶሮ አጥንት ሊያነሣ ሲል ጥፍሩ ድንጋይ ነካ። አጥንቱ ሥዕል ነው። ያን ጊዜ ወለሉን አየው። ወለሉ ሁሉ ከጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተገጣጠመ ነው፤ የተሣለው ግን የማንም ቤት ወለል ከግብር በኋላ የሚመስለው ነው፤ የተጋጠ አጥንት፣ የዓሣ እሾህ፣ የወይን ዘለላ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የዳቦ ፍርፋሪ የምትቆረጥም አይጥ። ቤቱን ሲያጸዱ የሰነፉ ይመስላል። ከዚህ ሐሰተኛ ቆሻሻ መሐል የትናንቱ እውነተኛ ቆሻሻ ተበትኗል። ቪቢዮስ አንድ እውነተኛ የበለስ እንጨት አገኘና ሊያነሣው እጁን ዘረጋ።

«ተው» አለው ሜኔክራቴስ። «ከገበታ የወደቀ የሙታን ድርሻ ነው። ደግሞም ሬሳ ሳይወጣ የቤቱ ወለል አይነካም።»

ልክ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ቪቢዮስ እጁን ሰበሰበ።

*

«እንዴት ሞተ?» አለ አልጋ ጠርዝ ላይ እየተቀመጠ።

ፖላ ነገረችው። ባሏ እንደ ልማዱ ከራት በኋላ መብራት አስቀንሶ በውሃ ኃይል የምትዘምረውን የነሐስ ወፍ አስነሣ። ሁሉም ወደ ወፏ ዞሩ። ዘምራ ስትጨርስ ጽዋውን አነሣና ጠጣ። «ከዚያ 'ምላሴ ላይ ጉንዳን ይሄዳል' አለ። ደስ ብሎት ነበር። አዲስ ተአምር የመጣለት መስሎት 'ኑ እዩ፣ ምንም የለም፣ ግን ይሄዳል' ይለናል። ቀጥሎ ከንፈሩን አጣው። ከዚያ ትንፋሹን።»

«ምን በላችሁ?»

«ዶሮ፣ አይብ፣ ለስላሳ ዳቦ፣ በለስ። እንግዳ ስለነበረ ቆጥቤ ነው» አለች ፓምፊሎን እያየች።

«ጽዋው የት ነበር?»

«መሐል፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ። ሁላችንም እንደርስበታለን። ሂላሮም ይደርስበታል ልትል ነው፣ አውቃለሁ።»

«ትወጂው ነበር፣ እመቤቴ?»

ፖላ ሳሕኗን አቆመች። «ሁለት ራስ ቢኖረኝ እሱም ይወደኝ ነበር። አንድ ራስ ያላት ሴት ግን እዚህ ቤት ማን ያያታል? ይህን ወለል ተመልከት። እንግዳ ይስቃል፣ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ተንበርክከው በእጃቸው ሲያጥቡት ላያቸው ላይ ቆሜ ነው የማረፍደው። አንዴ የአይጧ ዓይን ተነቅላ ጠፍታ ቤቱ ታምሶ ነበር። ለእኔ ዓይን እንዲህ አልታመሰም።»

ፓምፊሎ ደግሞ ሳይጠየቅ ጀመረ። «እኔን እንደምትጠረጥር አውቃለሁ። ኮሲኒዮስ የባሕሩን ሰው ጋን ከሮም በሚመጡ እንግዶች ፊት ሊከፍት ነበር። በጠቅላላ ፑቴዮሊ ለወሬ በቅቷል።»

«ቢከፈት ምን ይወጣል?»

«ከላይ ዝንጀሮ፣ ከታች ዓሣ፣ መሐል ክር።» በኩራት ነው የተናገረው። «ስፌቱ ግን ንጹሕ ነው።»

«እንዲህ በአደባባይ ታምናለህ?»

«ጌታው፣ ስሸጥ ምን አልኩ? 'የሸጠልኝ ሰው የባሕር ሰው ነው ብሏል' አልኩ። ብሏል እኮ። ጋኑ ቢከፈት ኮሲኒዮስ ወይ ይስቃል ወይ ያስገርፈኛል። ሁለቱንም ለምጃለሁ።» ልብሱን ገለጥ አድርጎ ጉልበቱን አሳየው፤ ቆዳው እንደ ግመል ጉልበት ጠጥሯል። «ነፃ እስክወጣ ድረስ የሰው ወለል በስፖንጅ ስፈትግ ነው የኖርኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈራኛል?»

ከበሩ ውጭ የኤውቲኪስ ድምፅ በቀጭኑ ገባ። «ጌታዬ፣ ጀልባው ታየ።»

ቪቢዮስ ልብሱን ከአንገቱ አላቀቀ። ላቡ ከአንገቱ ወደ ጀርባው ወረደ። በተሣለው ሰማይ ላይ አሁንም ቀትር ነው፣ የተሣሉት ወፎች አሁንም ሊበርሩ ነው፤ ክፍሉ ግን እየጠበበበት ሄደ። በር ፍለጋ ዓይኑን ሲያዞር የተሣሉት በሮች እንደ ሹፈት ታዩት።

«አንተስ፣ መምህር?» አለው ሜኔክራቴስን። «እዚህ ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

«የዓለምን ተአምራት በመጽሐፍ እጽፋለሁ። መጽሐፌ ሮም ደርሶ ተወዷል፤ በቄሣር ቤት ልጆች እንዳስተምር ተጠርቻለሁ።» ድምፁ ጥቂት ለሰለሰ። «ሌሎች ያልሰሙትን ሰማን ይላሉ። እኔ የባሕሩን ሰው በሕይወት ሳለ በባሕር ዳር፣ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼው፣ ምዬ ጽፌአለሁ።»

ፓምፊሎ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ይህን ወለልስ ጽፈኸዋል?»

«እንዴት አልጽፍ? የጥበብ ጥግ እኮ ነው። አገልጋዮቹ ሳይቀሩ ይታለሉበታል። በየጠዋቱ መጥረጊያ ይዘው ገብተው የተሣለውን አጥንት ሲጠርጉ ይውላሉ፤ አይነሣላቸውም፤ በማግሥቱ ደግመው ይመጣሉ።»

«ሲጠርጉ አይተሃቸዋል?»

«ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው» አለ ሜኔክራቴስ።

*

ቪቢዮስ መብራቱን አነሣና፣ ሆዱ እየታገለው፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፖላ «ደከመው» አለች። ፓምፊሎ «ዓሣ ፍለጋ ነው» አለ።

ወለሉን የሠራው ባለሙያ ተንኮለኛ ነበር። ለእያንዳንዱ ቆሻሻ ጥላውን ጭምር ገጥሞለታል፤ ጥላዎቹም ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ቪቢዮስ መብራቱን ወደ ግራ ወሰደው። የአይጧ ጥላ አልነቃነቅም አለ። የወይኑ ዘለላ ጥላም እንደዚያው። የእውነቱ የበለስ እንጨት ጥላ ግን መብራቱን ሸሽቶ ዞረ። መብራቱን ወደ ቀኝ መለሰው፤ ጥላውም ተመልሶ ሸሸ። እንዲህ እያለ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለየ፤ የበለስ እንጨት፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የዶሮ ክንፍ።

ከሟቹ አልጋ እግር ሥር ሦስት የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ተኝተዋል። መብራቱን አዞረ። የሁለቱ ጥላ ባለበት ቀረ። የሦስተኛው ሸሸ።

ራት ላይ ቀንድ አውጣ አልነበረም።

ሦስቱ ሰዎች ከአልጋው ወዲያ ስለ በሩ ይከራከራሉ። ቪቢዮስ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቅርፊቱን በመሐረብ ጠቀለለው። አፉ ላይ የተሰነጠቀ ሰም አለ፤ ውስጡ ቡናማ ነገር ተጣብቋል። አሸተተው። የሰሙን ጠርዝ በጥፍሩ ጫፍ አንስቶ ከንፈሩን ብቻ አስነካውና ወዲያው ጠረገው። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሩ ላይ ጉንዳን መሄድ ጀመረ።

ይህን ያውቀዋል። የተራራ እረኞች ለተኩላ መግደያ የሚወቅጡት ሥር ነው፤ ገበያ እንዳይሸጥ እሱ ራሱ ነው የከለከለው። የሚወቅጡትን ሰዎች በምን እንደሚይዛቸውም ትዝ አለው። ቀና ብሎ የሦስቱን ሰዎች እጆች ተራ በተራ አያቸው።

«ኤውቲኪስ» ብሎ ተጣራ። «ወለሉን የምታጥቢበትን ይዘሽ ግቢ። በሩን ክፍት ተዪው፤ የሚወጣ የለም።»

*

ኤውቲኪስ ውሃ የያዘ ገበቴና ስፖንጅ ይዛ ገባች። ከኋላዋ፣ በሩ ላይ፣ ሂላሮና አብሳዩ ቆሙ። አንድ ክንድ የሚያህል የውጭ አየር አብሯቸው ገባ፤ ሁሉም ሳያውቁት ወደዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

«ተቀመጡ» አለ ቪቢዮስ። «ወታደሮቹ ሲደርሱ መልስ ይፈልጋሉ። ከመልስ ሁሉ ቀላሉ 'ሂላሮ ነው' የሚለው ነው።» ቅርፊቱን ከመሐረቡ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «መርዙ የመጣው በዚህ ነው። ወፏ ስትዘምር አንድ ሰው ሰሙን ሰብሮ ጽዋው ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ባዶ ቅርፊቱ እጁ ላይ ቀረ። ሰው ሲሞት ልብስ ይፈተሻል። ምን ያድርገው?»

«ይጥለዋል» አለ ፓምፊሎ።

«የት? ሂላሮ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ማታውን ሁሉ በሩን ሲመላለስበት ነበር፤ ከአጥንትና ከፍርፋሪ ጋር ሳሕን ላይ አድርጎ ኩሽና ይደፋዋል፣ ማን ያየዋል? እዚሁ መደበቅ የሚያስፈልገው ከዚህ መውጣት የማይችል ሰው ነው፤ ማለትም እስከ መጨረሻው የሚጋበዝ ሰው። ያ ሰው ዙሪያውን አየ። ቆሻሻ የተሣለበት ወለል ላይ አንድ ቆሻሻ ቢጨመር ማን ይለየዋል? ደግሞ ሬሳው እስኪወጣ የሚነካው የለም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባሪያዎቹ የተሣለ መስሏቸው ያልፉታል።»

ወደ ኤውቲኪስ ዞረ። «አንቺ፣ ይህን ወለል በመጥረጊያ ነው የምትጠርጊው?»

«በመጥረጊያ?» አለች ኤውቲኪስ፣ ሞቷ ደጅ ላይ ሆኖ እንኳ ፈገግታ አመለጣት። «መጥረጊያ እዚህ ከገባ የምጠረገው እኔ ነኝ። ድንጋዩን ይፍቀዋል። በጉልበታችን ሆነን በስፖንጅ ነው፣ በየድንጋዩ። መብራት ቢጠፋ እንኳ የቱ አጥንት የት እንዳለ መዳፌ ያውቀዋል።»

«እንዲህ ከሆነ» አለ ቪቢዮስ፣ «ቅርፊቱን እዚህ የደበቀው ይህ ወለል በእጅ እንደሚታጠብ የማያውቅ ሰው ነው። እመቤት ፖላ ጠዋት ጠዋት ላያቸው ላይ ትቆማለች። ፓምፊሎ እንዲህ ያለውን ወለል ሲፈትግ ጉልበቱ ግመል ሆኗል። በመጥረጊያ ይጠረጋል ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጽፎታልም።»

ሁሉም ወደ ፈላስፋው ዞሩ። ሜኔክራቴስ ካባውን አስተካከለ።

«ስለ መጥረጊያ መሳሳት ያስገድላል?» አለ በእርጋታ። «አንድ ሰው ያልሆነ ወሬ ሰማ፤ ጻፈ። ከዚያስ?»

«ልክ ነህ፣ አይበቃም። መምህር፣ ይህ መብራት ደግሞ ተንጨረጨረ፤ እባክህ አስተካክለው።» መብራቱን ይዞ ቀረበው። ሜኔክራቴስ ቀኝ እጁን ዘረጋ። «በግራህ» አለ ቪቢዮስ።

እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ሕመም አስተያየት ነው ብለሃል። አስተያየት ያለው ቀኝ እጅ ላይ ብቻ ነው እንዴ?»

ሁሉም ያዩታል። ሜኔክራቴስ ወይ እምቢ ማለት ወይ መንካት ነበረበት፤ ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረው ነገር ከሁለቱም ወገን ዘጋበት። ግራ እጁን ሰደደ፣ ነበልባሉን ነካ፣ የሾለ ድምፅ አሰምቶ እጁን አፉ ውስጥ ከተተ።

«የመምህሩ ቀኝ ጥበበኛ ነው፣ ግራው ግን እንደ እኛ ነው» አለ ቪቢዮስ። የሜኔክራቴስን ቀኝ እጅ ይዞ መዳፉን ወደ መብራቱ ገለበጠው። አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶች ጫፋቸው በእሳት ውሃ ቋጥሯል፤ ባለቤቱ አላወቀም ነበር። «የተኩላ ሥር የነካ ጣት ይደነዝዛል። የሚወቅጡትን እረኞች የምይዛቸው በዚህ ነው፤ ትኩስ ነገር አስይዛቸዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የትዕግሥት ተአምር መስሏችሁ ያያችሁት መርዙን ነው።»

ፖላ ተነሥታ ከፈላስፋው ራቅ ብላ ቆመች። «ምን አደረገህ?» አለች። «ካንተ ጋር ብቻ ነበር እንኳ የሚያወራው።»

ሜኔክራቴስ እጁን አልነጠቀም። «ጋኑን ሊከፍት ነበር» አለ። «በሮም ሰዎች ፊት። ለመንኩት። 'ደስ ይላል፣ ውሸት ከሆነም ጉድ ነው' አለኝና ሳቀ። አይቻለሁ ብዬ ምያለሁ። የቄሣር ቤት ያነበበው ያንን ነው።»

«'ሰማሁ' ብትል ኖሮ ምን ነበረበት?» አለ ፓምፊሎ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

«ደጅ ያሉትስ?» አለ ቪቢዮስ። «በአንተ ፈንታ የሚሰቀሉት?»

«ባሪያና ነፃ የሚባል ልዩነት በእውነት የለም» አለ ሜኔክራቴስ፤ ቃሉ ግን እንደ ትናንት መብል ከአፉ ወጣ።

ኤውቲኪስ ገበቴዋን መሬት አስቀመጠች። «ልዩነት ከሌለማ፣ መምህር» አለችው፣ «ወጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጡ።»

*

የመቶ አለቃው ከወታደሮቹና ከገራፊው ጋር ደረሰ። ገራፊው ዕቃውን በከረጢት ተሸክሞ ነበር፤ ሲራመድ ከረጢቱ ይንቋቋል። ቪቢዮስ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ነገረው። ፖላ መሰከረች፣ ፓምፊሎ መሰከረ፣ ሜኔክራቴስ አልካደም። ሲያስሩት ስለ ሰንሰለት ምንም አልተናገረም።

«አንድ ነገር ቀረ» አለ የመቶ አለቃው። ሕግ አክባሪ ሰው ነበር፣ ማለትም የሚያስቸግር። «ጎረቤቱ በላከው ቃል ነፃ ሰዎች ከትናንት ማታ ጀምሮ ታግተዋል ይላል። ማን ነው የቆለፈው?»

ኤውቲኪስ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ወሰደች። ቪቢዮስ ሆዱን በፊቷ አቆመው።

«በእኔ ትእዛዝ ነው።»

«አንተ የመጣኸው ዛሬ ጠዋት ነው።»

«የገበያ ሹም ትእዛዝ ቀድሞ ይደርሳል» አለ ቪቢዮስ። «የተበላሸ ነገር ከመደብሩ አይውጣ የሚለው የቆየ ትእዛዜ ነው። ቅሬታ ያለው የታገተ ሰው ካለ ይናገር።»

የመቶ አለቃው ፓምፊሎን አየው። «እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ» አለ ፓምፊሎ። ፖላን አያት። ፖላ ኤውቲኪስን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። አሁን ይህች ሴት የእሷ ናት፤ ቤቱም፣ ጥርሱም፣ ጋኑም፣ ደጅ የተቀመጡትም ሁሉ።

«ሙቀቱን ሸሽቼ ነው የገባሁት» አለች ፖላ። «ቅሬታ የለኝም።»

የመቶ አለቃው ሳያምን ተቀበለ። ሜኔክራቴስን መሐል አድርገው በገደሉ መንገድ ወረዱ፤ የገራፊው ከረጢት ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በግቢው ማንም አልተነሣም። ቪቢዮስ ፀሐዩ ላይ ቆሞ እስኪበቃው ተነፈሰ። «አለቀ እኮ» አላቸው። ተመለከቱት። ሂላሮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ነው። የምታጠባዋ ሴት ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች። ትኖራላችሁ ብሎ የነገራቸው ሰው ስለሌለ፣ እንዴት እንደሚጀመር የሚያውቅ አልነበረም።

ኤውቲኪስ በመሐላቸው አልፋ አብሳዩ ፊት ቆመች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ቁጡ ነበር።

«ምን ያስቀምጥሃል?» አለችው። «እሳት አንድድ።»